በሰው ኪስ ገበያ

ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ፣ ከመሬት በታች ሁለት ፎቅ ወርጄ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። ቢሮዬ የድሮ የስልክ ቤት ታክላለች። አንድ ወንበር፣ አንድ ገንዘብ መቀበያ፣ አንድ ሂተር። ሂተር ስላለኝ ዲሴምበር ሲገባ ሰው ሁሉ ዘመዴ ነው።

በ2024 ዲሴምበር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሕንፃው ጥበቃ ሽማግሌ ራሱን ይዞ ገባ። ዲሲ ተወልዶ ዲሲ ያረጀ ሰው ነው። ቀይ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"አሥራ አምስት ዓመት!" አለ። "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ!"

ዘመድ የተፈረደበት መሰለኝ። ትከሻውን ያዝ አድርጌ "አይዞህ፣ ይግባኝ ይባላል" አልኩት።

ለካ ነገሩ የቤዝቦል ነው። ሁዋን ሶቶ የሚባለው ተጫዋች ማታውን ከኒው ዮርኩ ቡድን ከሜትስ ጋር ለ15 ዓመት ተስማምቷል። በ765 ሚሊዮን ዶላር። እንዲህ ያለውን ፍርድ እኔም ላይ ይፍረዱብኝ።

ሽማግሌውን ያሳመመው ገንዘቡ አይደለም። ሶቶ የእኛ ነበር። ("የእኛ" ማለት የጀመርኩት ወረቀቴን ሳላገኝ ነው።) በ2019 የዲሲው ቡድን ናሽናልስ ሂውስተንን አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ሶቶ ገና ፍጻሜው መሃል 21 ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። በ2022 ቡድኑ 440 ሚሊዮን ለ15 ዓመት አቀረበለት። እምቢ አለ። ያኔ ይኸው ሽማግሌ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጦ "ጥጋብ ነው!" ብሎ ፈርዶበት ነበር። ቡድኑም ወዲያው ኦገስት ላይ ለሳንዲያጎ አሳልፎ ሰጠው። እንግዲህ ያቺ እምቢታ 325 ሚሊዮን ዶላር ወለደች ማለት ነው። እኔ አለቃዬ በሰዓት 50 ሳንቲም ሲጨምርልኝ ወገቤ እስኪንቋቋ እጅ ነስቻለሁ።

ደግሞ የሄደበት ቦታ! ሜትስና ናሽናልስ አንድ ምድብ ናቸው። በዓመት 13 ጊዜ ይገናኛሉ። የፈታሃት ሚስት ጎረቤትህን አግብታ፣ ቁርስ በበላህ ቁጥር በመስኮት እንደምታያት ቁጠረው።

ቤዝቦል ከኖቬምበር እስከ ማርች መጨረሻ የለም። ሜዳው ባዶ ነው። ለደጋፊ ግን ዋናው ጨዋታ ያኔ ነው የሚጀምረው። የቡድን አለቆች ዲሴምበር ላይ አንድ ሆቴል ይሰበሰባሉ። ያን ዓመት ዳላስ ነበር። እነሱ እዚያ ቡና እየጠጡ ሲደራደሩ፣ እኛ እዚህ ከመሬት በታች የእነሱን ገንዘብ እናወጣለን። አወጣጣችን ላይ ቁጠባ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው በአንድ ጠዋት 400 ሚሊዮን መድቦ ሁለት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እና አንድ መቺ ካስፈረመ በኋላ፣ ለቡና ሁለት ዶላር ያበድረኛል።

ይቅርታ፣ ይበደረኛል።

መኪና አቋሚው ጎረምሳ ደግሞ በሌላ ወገን ነው። "ልጆቹ ይደጉ" ባይ ነው። ለሶቶ ምትክ ከመጡት ልጆች ሦስቱን በስም እየጠራ ይምላል፦ ኤብራምስ፣ ጎር፣ ዉድ። ይሄ ጀምስ ዉድ የሚባለው ሁለት ሜትር የሚያክል ሎጋ ነው። ወጣት ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በትንሹ ደመወዝ አካባቢ ነው የሚጫወተው። በ2025 ትንሹ ደመወዝ 760 ሺህ ዶላር ነበር። ስለዚህ በአማርኛ ብናስበው ዉድ ርካሽ ነው። ይህን ቀልድ ወደ እንግሊዝኛ ልገለብጠው ሁለት ክረምት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

"ታገስ፣ ይደጋሉ" ይላል ጎረምሳው።

"እኔ 71 ዓመቴ ነው" ይላል ሽማግሌው። "እነሱ እስኪያድጉ እኔ የት ልቆይ?"

ጎረምሳው መልስ የለውም። የፓርኪንግ ቲኬት ገልብጦ ጀርባው ላይ ዝውውር ይነድፋል። ሁለት ልጅ ይሰጣል፣ አንድ ፒቸር ይቀበላል። ሌላኛው ቡድን ይስማማ አይስማማ አይጨነቅም። ሲያልቅበት ሌላ ቲኬት ይወስዳል። አንድ ቀን ከቲኬቶቹ አንዱን ለደንበኛ ሰጥቼው፣ ሰውየው ገልብጦ አንብቦ "በዚህማ አልሸጥም" ብሎኝ ወጣ።

መጀመሪያ ሰሞን ግራ የገባኝ ይኸው ሰውን በሰው መለወጥ ነበር። ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ብዙ ዓመት መሪ ይዘው የስፖርት ሬዲዮ ስለሰሙ፣ የቤዝቦል ዕውቀታቸው ከአሜሪካኖቹ ይበልጣል። መኪናቸውን አቁመው ፔርሙዛቸውን ይዘው ይመጣሉ።

"አንዳንዴ የሚሰጥህን ሰው ሳታውቀውም ትለዋወጣለህ" አሉኝ። "ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች ይባላል።"

"ቀልድ ነው?"

"በ1962 ክሊቭላንድ ሃሪ ቺቲ የሚባል ተጫዋች ለሜትስ ሰጠ። በምትኩ ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ሰው ሊቀበል። ሁለት ወር ሳይሞላ ስሙ ተገለጸ። ማን ነው ያልክ? ራሱ ሃሪ ቺቲ!"

ሰውየው በራሱ ተለወጠ። ሄዶ ሄዶ የራሱ ዋጋ ሆኖ ተመለሰ። ሽማግሌውም ጎረምሳውም አማርኛ አይሰሙም፤ "ሃሪ ቺቲ" የምትለዋን ሲሰሙ ግን ሁለቱም ሳቁ።

ጨዋታው ሙሉ በሙሉ የገባኝ ግን የኦታኒ ውል ሲነገረኝ ነው። ሾሄይ ኦታኒ የሚባለው ተጫዋች በ2023 ዲሴምበር ለሎስ አንጀለሱ ቡድን ለዶጀርስ 10 ዓመት በ700 ሚሊዮን ፈረመ። በዓመት የሚወስደው ግን ሁለት ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው 680 ሚሊዮን ተቀምጦለት ከ2034 ጀምሮ በዓመት 68 እየተደረገ ይከፈለዋል።

"ይሄማ እቁብ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የመጨረሻውን ዕጣ ነው የፈለገው!"

ከዚያ ወዲያ ማንም አላቆመኝም። ቦቢ ቦኒያ የሚባል ሰው አለ፤ ለሜትስ መጨረሻ የተጫወተው በ1999 ነው። ቡድኑ ግን ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን አንድ ሚሊዮን ከመቶ ዘጠና ሺህ ዶላር በላይ ይከፍለዋል፣ እስከ 2035። ይሄን ለእቁባችን ዳኛ ነግሬዋለሁ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰውዬ በሳምንቱ ሌላ ስቴት ገብቶ ስልኩን ቀይሯል።

ኦታኒ ከመፈረሙ በፊት በነበረው ቀን የሆነውንስ? ቶሮንቶ ሊገባ ነው ተብሎ ከካሊፎርኒያ የተነሳ አንድ የግል አውሮፕላን ላይ ሕዝብ በኢንተርኔት ዓይኑን ተከለ። ከአዲስ አበባ እናቱን የሚጠብቅ ሰው ዳላስ ኤርፖርት በር ላይ አንገቱን እንደሚያስግግ ማለት ነው። (የእኛን ዳላስ ማለቴ ነው፣ የቴክሳሱን አይደለም።) አውሮፕላኑ አረፈ። ከውስጡ የወጣው ሮበርት ሄርጃቬክ የሚባል ነጋዴ ነው። በማግስቱ ኦታኒ ዶጀርስን መረጠ።

ሽማግሌው ይህን ወሬ ሲሰማ በቶሮንቶዎች ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባውን ሲጠርግ ስልኩን አወጣ። "ቆይ ግን፣ የእኛዎቹ አለቆች አውሮፕላን የት ነው ያለው?"

ባለፈው ፌብሩዋሪ ጋሼ ብቻቸውን መጡ። ቡና ቀዱልኝ። ራሳቸው ቀድተውልኝ አያውቁም።

"እንትን… ያንተ ዕጣ ማርች ነው አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"የእኔ ኦገስት ነው። የልጅቷ ክፍያ ደረሰ። ለውጠኝ።"

ቡናውን ፉት አልኩ። የሂተሩን ፊት ወደ እኔ አዞርኩ። ስንት ክረምት የሰማሁት ክርክር በከንቱ አልሄደም።

"አምስት ወር ልጠብቅ ነው። ምን ይጨምሩልኛል?"

ትንሽ አሰቡ።

"ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ሰው።"

ተጨባበጥን። ኤፕሪል ላይ ቤት ስቀይር ሶፋ ልታግዘኝ የምትችል ነፍስ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት የእህታቸውን ልጅ ላኩት። ሰፊ ትከሻ አለው፣ ተስፋ አደረግኩ። ሁለት ወንበር አወረደ። ከዚያ ሶፋውን አብረን ደረጃው መሃል አደረስነውና "ትንሽ ልረፍ" ብሎ እዚያው ላይ ጋደም አለ። ስልኩን ከፈተ። እንቅልፍ ወሰደው። ጎረቤቶች በላዩ እየተሻገሩ ወጡ፣ ወረዱ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሼ፣ ምሳ አብልቼ፣ ለጋሼ መልሼ ላክሁት።

ማታ ደወሉ።

"ምነው? ሃሪ ቺቲ አደረግከው እንዴ?"