ሲኒ ገፍተው ወደብ ለሚያመጡልን

የትራንስፖርት ባለሙያ ተብሎ ደመወዝ የሚበላ ሰው ለምን እንደሚለፋ አይገባኝም። እኛ ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንዲት ጀበና ፊት፣ የዓለም የጭነት መንገድ ማታ ማታ ተሠርቶ ያልቃል። ጨረታ የለ፣ ካሳ የለ። ሁለት ሲኒ፣ የስኳር ዕቃና አንድ ሳህን ፈንድሻ ይበቃል።

ትናንት ሲኒዋ ጎንደር ነበረች፤ የስኳር ዕቃው ፖርት ሱዳን። ጋሼ ጣታቸውን ፈንድሻው መሀል ሰደው በአዘዞ፣ በጭልጋ፣ በመተማ አድርገው ስኳሩ ላይ ደረሱ። «ይኸው! ሰሊጣችን ጅቡቲ ድረስ ምን አንከራተተው?» እውነታቸውን ነው፣ ቅርብ ነው። የስኳር ዕቃውን እዚያ ያስቀመጡትም ራሳቸው ናቸው። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ላይ የተነሳው ጦርነት አላስቸገራቸውም፤ በእሳቸው መንገድ የሚፈነዳው ፈንድሻ ብቻ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሀገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በጅቡቲ የሚያልፈው እንግዲህ ይህን ጠረጴዛ ያየ ስለሌለ ነው።

የጥንቱ የጎንደር ነጋዴ ግን እንዴት ያለ ሞኝ ነበር! ምጽዋ ለመውረድ ቅፍለቱ፣ አብሮ ተጓዡ የነጋዴ ጓድ፣ እስኪሞላ ይጠብቃል። ስለ ኬላው ይጠይቃል፣ ስለ ሽፍታው ይጠይቃል። ጣት እያለው በቅሎ ይጭናል።

ከጋሼ ጎን ያለው ወጣት ለመተማ ጊዜ የለውም። እሱ የያዘው ከቻይና አውሮፓ የሚሄደውን ዕቃ ነው። ኅዳር 2016 የየመን ሁቲ ታጣቂዎች ጥቃት ቀይ ባሕር ላይ ሲጀምር መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ያዙ፤ መንገዱም በአስር ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። «መርከብ አለቀለት» አለን ያን ጊዜ። በባቡር ከቻይና ካዛክስታን፣ ካስፒያን ባሕር፣ አዘርባጃን፣ ጆርጂያ፣ አውሮፓ። አንድ ትንፋሽ! ካዛክስታን ድንበር ላይ የሐዲዱ ስፋት ከ1,435 ወደ 1,520 ሚሊሜትር ስለሚቀየር ኮንቴይነሩ ወደ ሌላ ባቡር ይዛወራል። ካስፒያን ላይ እንደገና መርከብ ይሳፈራል፣ ማዶ እንደገና ባቡር። አንድ ባቡር 50 ገደማ ረጃጅም፣ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ቢስብ ነው፤ መጋቢት 2013 የስዊዝን ቦይ የዘጋችው መርከብ ኤቨር ጊቨን ብቻዋን 20,000 ያህል ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ትጭናለች። ወጣቱ ይህን በእጁ አሳለፈው፣ እንደ ዝንብ።

ጥግ ላይ አንድ የተሳቢ ሹፌር ቡናውን ይጠጣል። ጅቡቲ ይመላለሳል። እንደ ደንቡ የሚያውቀውን ሰው መጨረሻ ላይ ጠየቅነው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«መንዳቱን ነው ወይስ መቆሙን?»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ወረፋውን፣ ወረቀቱን፣ ኮንቴይነሩን ባዶ ይዞ መመለሱን ሊነግረን ሲጀምር ጋሼ «ልጄ፣ ዝርዝር ውስጥ አትግባብን» አሉት።

ይኼኔ ባለ ጀበናዋ መጥታ የስኳር ዕቃውን ለጎረቤት ጠረጴዛ ወሰደችው። ፖርት ሱዳን ሄደ። ጋሼ ቅንጣት አልደነገጡም።

«እታለም፣ ጨው ካለሽ አምጪ» አሉ። «የበርበራን ወደብ እንሞክር።»