ስስ ጎማ ወይስ ወፍራም ስፖንጅ? የቫኪዩም ቻክ ማሸጊያ ክርክር

በቶርኖ የተሠራን የእንጨት ሳህን ግርጌ ለመጨረስ የቫኪዩም ቻክ ይረዳል። ሳህኑ ከቶርኖው ጋር በሚዞረው ባዶ ሲሊንደር (ቻኩ) አፍ ላይ ይገጠማል፤ ፓምፕ የውስጡን አየር ሲስብ የውጩ አየር ሳህኑን ተጭኖ ይይዘዋል። ሁለት የሰሜን ሸዋ ባለሙያዎች የሚከራከሩት በአፉና በሳህኑ መካከል ስለምትገባው የማሸጊያ ቀለበት ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ጎማ ትሁን ወይስ 6 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ?

ከደብረ ብርሃን፦ ምርጫዬ ስስ ጎማ ነው፤ ምክንያቴም ከምንኖርበት ቦታ ይነሣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 72 ይወርዳል። ሳህኑን የሚይዘው ፓምፑ ሳይሆን የውጩ አየር ነውና፣ ምንም ዓይነት ፓምፕ ቢመጣ ከዚያ በላይ አይሰጠንም። ወፍራም ስፖንጅ ደግሞ መሮው ከአንድ ጎን ሲጫነው ይረግባል፤ ሳህኑ ከመሃሉ ይሸሻል፤ ግርጌው ክብ መሆኑ ይቀራል። ያለንን ጥቂት ጉልበት በሚወዛወዝ ነገር ላይ ማሳረፍ አልቀበልም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ ስለ ከፍታው ልክ ብለዋል። እኛ ዘንድ 1,280 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 87 ኪሎ ፓስካል እናገኛለን። ነገር ግን ጉልበት ከስፋትም ይመጣል። በውስጡና በውጩ አየር መካከል በ50 ኪሎ ፓስካል ልዩነት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው አፍ ሳህኑን በ40 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ይይዘዋል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 90 ይጠጋል። ለደጋ ሰው መፍትሔው አፉን ማስፋት ነው። አፉ ሲሰፋ ግን የሳህኑ ጠማማነት ይገለጣል። ዋንዛ ሲደርቅ ክብነቱን ይለቃል፤ ስስ ጎማ በሁለት በኩል ነክቶ በሁለት በኩል ክፍተት ይተዋል። ስፖንጁ ያንን ተከትሎ ይሞላዋል። ጥቁር ጎማ በተጨረሰ እንጨት ላይ የሚተወው ጥቁር ቀለበትም አለ፤ ደንበኛ ፊት ማን ያቀርበዋል?

ከደብረ ብርሃን፦ ስፖንጅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የፍራሽ ስፖንጅ ለጥፎ ፓምፑን የሚራገም ስንት አለ!

ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ የምለው እያንዳንዷ አረፋ ለብቻዋ የተዘጋችበትን ዓይነት ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ ቁራጩን ከንፈር ላይ አጥብቆ መንፋት። ትንፋሽ ካለፈ አይሆንም። የነጠላ ጫማ ሶል አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል።

ከደብረ ብርሃን፦ እንግዲያው ወደ አያያዙ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰነፈው እዚያ ላይ ነውና። የጌጁ (የቫኪዩም መለኪያው) መርፌ ዝቅ ሲል ሁሉም ማሸጊያውን ይነቅላል። መጀመሪያ ወፍራም ለስላሳ መስታወት በአፉ ላይ አሳርፍ። መርፌው ከወጣ ማሸጊያው ደህና ነው፤ የሚያፈስሰው እንጨቱ ነው። በሜርኩሪ ሴንቲ ሜትር የተከፈለ ጌጅ እስከ 76 ቢጻፍበትም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከ54 ገደማ አያልፍም፤ ይህን ሳያውቅ ደህና ማሸጊያ የሚጥል አለ። በመስታወቱም ካልወጣ የእጣን ጭስ በዙሪያው አዙር፤ ጭሱ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ታገኘዋለህ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ስለዚህ ነው ከሰፊ ቁራጭ ሙሉ ቀለበት የምቆርጠው፤ መጋጠሚያ የለውም። ጥብጣብ መለጠፍ ግድ ከሆነ ጫፎቹ በሰያፍ ተቆርጠው ይደራረቡ። ማስቲሹም በሁለቱም ገጽ ስስ ተቀብቶ፣ ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው ይጫን።

ከደብረ ብርሃን፦ በዚህ እንስማማለን። ስለ ጽዳት ግን ልጨምር። የእንጨት ዱቄትና ሰም በማሸጊያው ላይ ሲከማቹ አየር ባያፈስስም ሳህኑ ይንሸራተታል። በሳሙና ውኃ አጥበህ አድርቀው እንጂ ቤንዚን አታስነካው፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ማስቲሹንም ያላቅቀዋል። ሳህንም በቻኩ ላይ ተጭኖ አይደር። ስፖንጅህ በተለይ አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ውፍረቱ አይመለስም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ቆሞ ቶርኖው ገና ይዞራል፤ በዚያች ቅጽበት የሚያፈስስ ማሸጊያ ሳህኑን ፊትህ ላይ ይለቅቀዋል። አየር በፓምፑ በኩል እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭና ቫኪዩሙን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ የአየር ጋን ማስገባት ቅንጦት አይደለም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሲጨፈለቅ እቀይረዋለሁ፤ ዋጋው ኢምንት ነው። ለስስ ግድግዳ ሳህን ግን ከስፖንጅ ሌላ አላይም። ሙሉ ግፊት ቢለቀቅበት ሳህኑ ወደ ውስጥ ይሰበራል። ስለዚህ የግፊቱን ልዩነት እስከ 25 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ማድረግ ግድ ሲሆን፣ ጠንካራው ጎማ ገና ሳይለጠፍ ስፖንጁ አሽጎ ይይዛል።

ከደብረ ብርሃን፦ ለስሱ ሳህን ተቀብያለሁ፤ በትንሽ ግፊት ስፖንጅ ይሻላል። ከባድ የወይራ ሳህን ከሆነ ግን፣ ልጄ፣ የሳህኑን አፍ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ በስስ ጎማ እገጥመዋለሁ እንጂ በስፖንጅ ላይ ሞተር አላስነሣም።