መዳፏ ላይ የነበረው ቁጥር

519.5። አንዲት ተማሪ ይህን የመጽሐፍ መደርደሪያ ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጽፋ ወደ ውሰት ጠረጴዛዬ መጣች። ወገኖቼ፣ ልገሥጻችሁ ብዕር ያነሣሁት በዚያች መዳፍ ምክንያት ነው። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ይቅር ልለው ሞክሬ አልሆነልኝም።

የምትፈልገው የስታቲስቲክስ መማሪያ እኔ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፤ እሱንም አንድ መምህር ወስዶ ቢሮው ካስቀመጠው ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ልጅቱ ተስፋ አልቆረጠችም። በአጥር ብቻ የምንዋሰነውን የሌላ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በስልኳ ከፍታ ፈለገች፤ አገኘችም። አራት ቅጂ፣ አራቱም መደርደሪያ ላይ። ወረቀት እስክታወጣ እንኳ አልታገሠችም፤ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈችው። በሩ ላይ ስትደርስ ጥበቃው መታወቂያዋን ገለባብጦ አየና "የእኛ አይደለሽም" አላት። ውስጥ ያለውን ሠራተኛ እንዲጠራላት ለመነችው። ሠራተኛው እስከ በሩ ድረስ መጥቶ በትሕትና አነጋገራት፤ ከተቋሟ ደብዳቤ እንድታመጣ ነግሮም መለሳት።

ወደ እኔ መጣች። "እባክዎ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ መዋስ አልፈልግም፣ እዚያው ተቀምጬ ሁለት ምዕራፍ ላንብብ" አለችኝ። መዳፏን ዘረጋችልኝ። ከላቧ የተነሣ 9 ቁጥሩ 0 ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፈተናዋ ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑንም ነገረችኝ። እኔስ ምን አልሁ? የሁለቱ ቤቶች የመግባቢያ ሰነድ ገና ስላልጸደቀ ደብዳቤ የመጻፍ ሥልጣን እንደሌለኝ አስረዳኋት። በሚገባ አስረዳኋት። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብላ መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች። እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ አጠራረጓ ነው።

በዚያው ወር ወደዚያው ቤተ መጻሕፍት ለስብሰባ ተጠራሁ። የስብሰባው ርእስ፣ እንዳትስቁ፣ በቤተ መጻሕፍት መካከል ያለውን ትብብር ስለ ማጠናከር ነበር። ያው ጥበቃ እኔን መታወቂያ አልጠየቀኝም። ተናጋሪው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። በእረፍት ሰዓት ሾልኬ ወደ መደርደሪያው ሄድሁ። አራቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። የመጀመሪያውን ስስበው ሽፋኑ ከጎረቤቱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሲላቀቅ ድምፅ አወጣ። ከኋላ በኩል ገልጬ የመመለሻ ቀን የሚመታበትን ወረቀት አየሁት፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አንድ ማኅተም አላረፈባቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን እዚያ መደርደሪያ ሥር ነው።

ተጠየቁ! ምን ጎድሎብን ነው? ቁጥሩ አልጎደለንም፤ አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ መጻሕፍትን በርእሳቸው በቁጥር የሚለየውን ምደባውን እ.ኤ.አ. በ1876 ካሳተመ ወዲህ ሁለት የማይተዋወቁ ቤቶች አንድን መጽሐፍ በአንድ ቁጥር ሊጠሩት ይችላሉ። መሣሪያው አልጎደለንም፤ ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራው ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በነጻ መታደል ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ1967 ተሰባስበው በ1971 የከፈቱት የጋራ ካታሎግ ዛሬ ዎርልድካት ተብሎ ዓለምን አዳርሷል። ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች የተዘጋጀ ቅጂ ከአገር ወደ አገር እንዲላክ የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቋል። መጽሐፍ በሕግ ድንበር በሚሻገርበት ዘመን የእኛው አጥር አልተሻገረም።

በሽታውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የማንናገረው ስለሚያሳፍር ነው። በዓመቱ መጨረሻ የንብረት ቆጠራ ይመጣል። መጽሐፍ የጎደለበት ይጠየቃል፣ ከደመወዙም ይቆረጥበታል። አንባቢ የጎደለበትን ግን ማንም አይጠይቀውም፤ እንዲያውም መደርደሪያው እንዴት ያምራል ተብሎ ይመሰገናል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማን አበድሮ ይዋረዳል? እናንተ ኃላፊዎች፣ በሪፖርታችሁ የመጽሐፉን ብዛት ታስቀድማላችሁ፤ ስንቱ እንደተነበበ የሚያሳየው ሰንጠረዥ የት ገባ? እናንተ መምህራን፣ ቢሮ ያስቀመጣችሁትን መልሱ። ገጽ ቀድዳችሁ የምትወስዱ ተማሪዎች ደግሞ፣ በሩ ለሚዘጋበት ሁሉ ምክንያት የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ። ስለ እናንተ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ደሜ ይፈላል።

እኔስ? ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣቸውን አምስቱን የቤተ መጻሕፍት ሕጎች በቃሌ ሸምድጄ ነው የተመረቅሁት። "ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ" የሚለው ሁለተኛው ሕግ ነው፤ ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ልጅቱ ፊቴ ስትቆም ግን የታወሰኝ የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ነው። ስልክ አንሥቼ "አንዲት ተማሪ ልልክላችሁ ነው፣ ዋስ እሆናታለሁ" ማለት እችል ነበር። የስልክ ቁጥራቸው ጠረጴዛዬ ላይ ከመስታወቱ ሥር ተቀምጧል። ጥበቃውን ስወቅሰው ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን ታዝዞ ነው። እኔን ማንም አላዘዘኝም።

የመግባቢያ ሰነዱ ዛሬም ረቂቅ ነው፤ ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቀይሯል። ባለፈው ወር ግን ያንን ስልክ ደወልሁት። ያነሣው ልጅቱን በትሕትና የመለሳት ሠራተኛ ነበር። አስታወስሁት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም ካለ በኋላ "እርስዎም ውሰቱን የሚመዘግቡበት አንድ ደብተር ይግዙ፣ እኔም እገዛለሁ፤ የጠፋውን እኩል እንከፍላለን" አለኝ። ማኅተም የሌለው፣ ምናልባትም ደንብ የሚጥስ ትብብር ነው። እስካሁን ከእነርሱ ሦስት መጻሕፍት መጥተዋል፤ ከእኛ አንድ ሄዷል። ልጅቱ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ከእናንተ መካከል አንድ ደብተር መግዛት የሚያቅተው አለ? እጠይቃለሁ እንጂ ብዙ መልስ አልጠብቅም፤ ደክሞኛል። ከመጡት ከሦስቱ አንዱ መመለሻው ሁለት ቀን አልፎታል። ነገ ጠዋት ለተማሪው እደውልለታለሁ።