ራዳሩ ማንን ነው ያየው?

ጎንደር መናኸሪያ ቆም ብሎ የሹፌሮችን ወሬ ለሰማ ሰው የፍጥነት ክስ ታሪኩ አንድ ነው። «በ60 ነበር የምነዳው፣ 80 ብሎ ጻፈብኝ።» በ80 ነበርኩ የሚል ሹፌር እስካሁን አልገጠመኝም። ትራፊኩን ብትጠይቁት ደግሞ መሣሪያው አይዋሽም ይላችኋል። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይዋሽም። ግን ማንን እንዳየም አይናገርም።

በፍጥነት የሚበሩትን ልከላከል አይደለም የመጣሁት። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ አህያው አንድ ላይ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ የሚበር አባዱላ ሊቀጣ ይገባዋል። ጥያቄዬ ቁጥሩ የማን ነው የሚል ነው።

ትራፊኩ ፍጥነት ከሚለካበት የእጅ ራዳር የሚወጣው ሞገድ መኪናው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። መኪናው እየቀረበ ከሆነ የሞገዱ ድግግሞሽ፣ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ማለት ነው፣ ከፍ ብሎ ነው የሚመለሰው። ክላክስ እየነፋ የሚያልፍ አውቶቡስ ሲቀርብ ድምፁ የሚቀጥነው፣ ሲርቅ የሚወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ነገር ነው። በ24.15 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ራዳር ላይ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 45 ኸርዝ ልዩነት ያመጣል። መሣሪያው ይህን ይቆጥርና ፍጥነቱን ያወጣል። እዚህ ድረስ ፊዚክስ ነው፣ ክርክር የለውም።

ክርክሩ የሚጀምረው ከጨረሩ ስፋት ነው። እንደ ባትሪ መብራት ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል። 12 ዲግሪ የሚሰፋ ጨረር 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ60 ሜትር በላይ ይሸፍናል። መንገዱንም፣ ዳሩንም፣ ከፊትና ከኋላ ያለውንም ማለት ነው። ራዳሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ጠንከር ብሎ የተመለሰለትን ሞገድ ነው። አንዲት ቪትዝ ከፊት፣ አንድ ጭነት የጫነ አይሱዙ ከኋላ እየበረረ ቢመጣ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር የአይሱዙው ሊሆን ይችላል። የሚቆመው ግን ከፊት ያለው ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ማያሚ ውስጥ ራዳር አንድ የዘንባባ ዛፍ በሰዓት 138 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ «ይዞት» በቴሌቪዥን ታይቷል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኛው የዚያን ጊዜውን የራዳር ማስረጃ አልቀበልም አሉ። ዛፉ ግን አልተቀጣም።

ሹፌሮች የሚወዷት አንዲት መከራከሪያ አለች፦ «ጥግ ቆሞ በጎን ነው የለካኝ።» ይቺ አታዋጣም። ትራፊኩ ቆሞ በጎን ሲለካ ራዳሩ የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ነው። በ80 የሚመጣ መኪና በ20 ዲግሪ ሲታይ ወደ 75 ይነበባል። እንዲህ ብሎ የሚከራከር ሹፌር ትራፊኩን ቢያመሰግነው ይሻላል።

የተለካው በሌዘር መሣሪያ ከሆነ ደግሞ «እኔ አይደለሁም» ማለት ይከብዳል። ጨረሩ 300 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሰፋው። በሰዓትና በርቀት መለካት ግን ሌላ ነገር ነው። በ60 የሚሄድ መኪና 100 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ይጨርሳል። ሰዓቱን የያዘው ሰው አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ቢጀምር ያው መኪና 72 ሆነ ማለት ነው። በዓይን መገመትን ለክርክር እንኳ አላቀርበውም።

የመኪናቸውን ፍጥነት የሚያሳየውን ጌጅ የሚጠቅሱም አሉ። ጌጅ ሲሠራ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ እንዳያሳይ ተደርጎ ነው፤ ከፍ ቢያደርግ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ጌጁ 60 ካለ መኪናው ከ60 በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጎማው ፋብሪካው ከገጠመው በሚበልጥ ጎማ ተቀይሮ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጌጅ ከመጥቀሳችሁ በፊት ጎማችሁን እዩ።

ታዲያ ምን ይሻላል? መንገድ ላይ መጮህ ምንም አላመጣም፤ መለማመጥና እጅ መዘርጋት ደግሞ ነገሩን አበላሽቶታል። በጨዋ ደንብ ስክሪኑን አሳየኝ ማለት ይቻላል። ከስንት ሜትር ላይ ነው ያነሳኸኝ? አጠገቤ ማን ነበር? መሣሪያው ዛሬ ተፈትሿል? ይህ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ራዳር የሚፈተሽበት ባለ ሁለት ጣት ብረት አለ። ብረቱ ተመትቶ ራዳሩ ፊት ሲያዝ ራዳሩ የታወቀ ቁጥር ማሳየት አለበት። ካላሳየ ያን ቀን ሥራ አይወጣም። ሹፌሩም ቦታውንና ሰዓቱን ወዲያው ይጻፍ። ጂፒኤስ የተገጠመለት መኪና ከሆነ የዚያን ደቂቃ መዝገብ ያውጣ። ረዳቱን ምስክር ከማድረግ ይህ ይሻላል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 37 ደግሞ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ያለው አካል ዘንድ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። የትራፊክ ቅጣት ትንሽ ነገር ነው ብሎ ይህን መዝለል አይገባም። ቀኑን ሙሉ ነድቶ ልጆቹን ለሚያበላ ሰው ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ክስ ወረቀቱ ላይ ከፍጥነቱ ጎን የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር፣ ርቀቱ፣ የመጨረሻ ፍተሻው ቀን ይጻፍ። ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ ካለ ፎቶው ይያያዝ። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፣ ወጪው ቀለም ነው። ይህ ያልተሟላበት ክስ ቅሬታ ሲቀርብበት ይሰረዝ። የተሟላበት ላይ ደግሞ «በ60 ነበር የምነዳው» የሚለውን ተረት ትተን ቅጣታችንን እንክፈል።