«ባሌ» እና «በኣሊ»

ትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 ሲሰበክ ጣዖት የሚባለው ተጠርቦ የቆመ ድንጋይና እንጨት ብቻ ይመስላል። ነቢዩ ግን ከምስሉ አስቀድሞ የሚከስሰው ምስጋናው ለማን እንደ ተሰጠ ነው። እግዚአብሔር በባል፣ እስራኤል በሚስት ተመስለዋል፤ ሚስቲቱ በቁጥር 5 እንጀራዋንና ውኃዋን፣ የበግ ጠጕሯንና የተልባ እግሯን፣ ዘይቷንና መጠጧን የሰጧት ውሽሞቿ እንደሆኑ ትናገራለች። በቁጥር 8 ላይ ባሏ ይመልሳል፤ የሰጠኋት እኔ ነበርሁ፣ እርሷ ግን አላወቀችም።

ነገሩ ከእርሻ ይነሣል። የሰማርያ ኮረብታ እንደ ግብፅ በወንዝ አይጠጣም፤ ዝናብ ከቀረ እህል የለም። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶርያ ራስ ሻምራ የተገኙት የጥንቷ ከተማ የኡጋሪት ጽላቶች ደግሞ የዝናብ አምላክ ተብሎ ይመለክ የነበረውን በኣልን «ደመና ጋላቢ» ይሉታል። እስራኤላዊው ገበሬ ሰንበቱንና የወር መባቻውን አልተወም፤ ቁጥር 11 ይመሰክራል። ከግብፅ ላወጣው ለእግዚአብሔር እየሰገደ ለዝናቡ በኣልን ያመሰግን ነበር። ቅጣቱም በዚያው ልክ ተለካ፦ እህሉ በጊዜው፣ ወይኑ በወራቱ ይወሰዳል።

ቁጥር 16ን የአማርኛ አንባቢ በጥሞና ሊያየው ይገባል። «ባሌ» ትዪኛለሽ እንጂ «በኣሊ» አትዪኝም ይላል። በዕብራይስጥ የመጀመሪያው «ኢሺ»፣ «የእኔ ሰው» ማለት ነው። «በኣል» ግን ጌታ፣ ባለቤት፣ ባልም ማለት ነበር፤ የእኛው «ባል» እና «ባለ» ከዚሁ ሥር ናቸው። ስለዚህ ትርጉማችን የተከለከለውን ቃል ሥጋ ዘመድ በተፈቀደው ቦታ አስቀምጧል። ስሕተት አይደለም፣ አማርኛ ለባል ከዚህ ሥር ያልወጣ ሌላ የተለመደ ቃል የለውም። ነገር ግን የነቢዩ ፍርሃት ምን እንደነበር እዚህ ይታያል፦ አንዱ ስም ለሁለት ሲጠራ ማን እየተጠራ እንደሆነ ይጠፋል። ሳኦል እንኳ ልጁን አስበኣል ብሎ ነበር፤ የሳሙኤል መጽሐፍ ኢያቡስቴ ብሎ ለወጠው።

ይህን ምሳሌ ሴቶችን ለመውቀሻ የሚያነሡ ሰባኪዎች ግን 4፥14ን ይዘሉታል። እግዚአብሔር እዚያ ሴቶች ልጆቻችሁንና ምራቶቻችሁን አልቀጣም ይላል፤ ወንዶቹ ራሳቸው ከጋለሞቶች ጋር ይሄዳሉና። በምሳሌው ውስጥ ሚስት የተባለው ሕዝቡ በሙሉ ነው፤ ንጉሡና ካህኑም ተጠርተው ይከሰሳሉ።

የሚስቲቱ የመመለሷ ዋጋም በ3፥2 ተቈጥሯል፤ 15 ብርና አንድ ቆሮስ (የእህል መስፈሪያ) ተኩል ገብስ። በኦሪት ዘጸአት 21፥32 በሬ ለገደለው ባሪያ የሚከፈለው 30 ሰቅል ነው። ባል ግማሹን በብር ቈጥሮ ገብስ ይጨምርበታል፤ የገዛ ሚስቱን ለማስመለስ።