ፎቶ፦ ከፌስቡክ የተገኘ

ዘንድሮ ላመሰግናቸው የምፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ስማቸውን አልጠራም። እነሱም የእኔን ጠርተውት አያውቁም።

ጥር 11 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ ጎንደር፣ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ቦታ ያዝኩ። ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ሲገቡ አንዱን ልጅ አየር ላይ እንዳለ በካሜራዬ ቀለብኩት። ለዚያች አንዲት ፎቶ ሱሪዬ፣ ጫማዬና አንድ ሌንሴ አብረው ተጠመቁ። ሱሪው ደርቋል፤ ሌንሱ ግን እስከ ዛሬ አልዳነም። ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ጥጉ ላይ ስሜንና ስልኬን ጽፌ ለጠፍኩት። እስከ ማታ ፔጁ ሁሉ ተቀባበለው። በሳምንቱ ፒያሳ ስወጣ አንድ ሱቅ በር ላይ ባነር ሆኖ ጠበቀኝ፤ ማራኪ ሰፈር ደግሞ ፀጉር ቤት መስታወት ላይ። ልጁ ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ምን እንደሚያስተዋውቅ እግዜር ይወቀው።

መቼም እጃቸው ይባረክ፣ አቆራረጣቸው ግሩም ነው። ስሜን ለማንሳት ሲሉ የልጁን እግር አብረው ቆረጡት። ትንሽ ጨክነው ጭንቅላቱን ብቻ ቢያስቀሩና ክንፍ ቢቀጥሉለት ኖሮ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ኮርኒስ ላይ ከመላእክቱ ጋር ይሰለፍ ነበር። አንዱን ስጠይቀውም ያቺኑ ቤተ ክርስቲያን ነው የጠቀሰልኝ፦ «እነዚያን መላእክት የሣለው ሰው ስልክ ቁጥሩን ጽፏል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጎንደር የሊቃውንት አገር ነው፣ እንዲህ ያለ ክርክር ሌላ ቦታ አይገኝም።

ሐቀኞችም አሉ። ከሥሩ «ፎቶ፦ ከፌስቡክ የተገኘ» ብለው ይጽፋሉ። ልክ ናቸው፣ እኔም ልጄን ያገኘሁት ከሆስፒታል ነው። ይሄ ፌስቡክ የሚባል ሰው ግን እንዴት ያለ ትጉ ነው! ሌሊት ተነስቶ፣ ብርድ ላይ ቆሞ፣ ሌንስ አበላሽቶ፣ አንድም ቀን ክፍያ ሳይጠይቅ። ከሁሉም የወደድኩት ግን ስሜ የነበረበት ቦታ ላይ የራሱን ሎጎ ለጥፎ፣ ከሥሩ «ያለ ፈቃድ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል» ብሎ የጻፈውን ባለ ፔጅ ነው። ለፎቶዬ እኔ እንኳ እንደዚህ አልተቆረቆርኩም።

ነገረኛ አይጠፋም መቼም። «የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ እኮ» ይሉኛል። ፎቶ የአንሺው ስምና አድራሻ ካለበት ባይመዘገብም ጥበቃ አለው፣ የኢኮኖሚ መብቱ 25 ዓመት ይቆያል፣ ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፣ የሞራል ካሳውም ከ100 ሺህ ብር አያንስም። ምዝገባው ግዴታ ባይሆንም፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ማስረጃ ስለሚሆንህ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ አስመዝግብ፣ ሰዓቱንና ቀኑን የያዘውን ዋናውን ፋይልም አታጥፋ ይሉኛል። ይህን ሁሉ የእኔን ፎቶ ፕሮፋይሉ ላደረገ አንድ ወዳጄ አነበብኩለት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አሥር ዓመት? ለፎቶ? ሰውዬው እኮ ሼር ነው ያደረገልህ!» እውነቱን ነው፣ ውለታ ነው የዋለልኝ። ታዋቂ ሆኛለሁ፤ እኔ መሆኔን የሚያውቅ አለመኖሩ ነው እንጂ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከአንድ ሆቴል ተደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ እንደምን ዋልክ? ያቺ የጥምቀት ፎቶህ በጣም ቆንጆ ናት። መግቢያው ላይ በትልቁ ልንሰቅላት አሳትመናት ነበር፣ ግን ደበዘዘችብን። ዋናውን ፋይል ብትልክልን?»

«ስልኬን ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«ፎቶው ላይ ነበር እኮ! ሳንቆርጠው በፊት መዝግቤው ነው።»