ሳይቀምሱ ለሚመክሩን ምስጋና

ባሕር ዳር ምን ጎደላት? ሐይቁ አለ። ዘንባባው አለ። ቆሮሶ የሚባለው አሳው አለ። አሁን ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ የወይን አማካሪዎችም አሉን። ሰርግ ሲደርስ፣ በዓል ሲቃረብ፣ ሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ፊት ቆመው ይጠብቁናል። "ያንን ተወው፣ ይሄን ውሰድ። የውጭ ሆኖ በዚህ ዋጋ የት ታገኛለህ?" ይላሉ። ክፍያ አይጠይቁም። ጠርሙሱን ብቻ አንሥተው በእጃቸው መዘን ያደርጉታል።

አዎ፣ በእጅ ነው የሚቀመሰው። ከከበደ ጥሩ ወይን ነው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከጠርሙሱ ሥር ካለው ጎድጓዳ ይከታሉ። ጣቱ ጠልቆ ከገባ "ይሄማ ሌላ ነው!" ይባላል። ጠርሙሱ ቢከብድም ቢቀልም ውስጡ ያው 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ ጎድጓዳውም ስለ ጣዕም የሚያውቀው ነገር የለም የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ምቀኛ! ያን ሁሉ ጠርሙስ ከጅቡቲ ድረስ በመኪና አስጭኖ ያመጣልን አስመጪ ድካሙ ከንቱ ይቅር?

በቡሽ ፋንታ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለውንማ ዞር ብለውም አያዩት። ርካሽ ነው። ኒውዚላንድ አብዛኛውን ወይኗን የምታሽገው በዚያው ክዳን መሆኑን ቢሰሙ ለአገሪቱ ያዝኑላት ነበር።

"ሪዘርቫ" የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። በስፔኗ ሪዮሃ ቀይ ወይን ይህን ማዕረግ የሚያገኘው ቢያንስ 3 ዓመት ሲቆይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱን ኦክ በሚባል እንጨት በርሜል። ሌላ ቦታ አምራቹ ደስ ስላለው ብቻ "ሪዘርቭ" ብሎ የሚለጥፍበት አገር ሞልቷል። አማካሪዎቻችን በዚህ አያስጨንቁንም። ፊደሉ ወርቃማ ከሆነ አለቀ።

እኔን የሚገርመኝ ትሕትናቸው ነው። እኚሁ ሰው ጠጅ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያውን ብርሌ ሳያጋምሱ "ይሄ ስኳር አለበት" ብለው ይመልሳሉ። ጌሾው መብዛቱን ያውቃሉ። ጠጁ ሳይደርስ መቀዳቱን ያውቃሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ምላስ አላቸው። ወይን ጋ ሲደርሱ ግን ያን የመሰለ ምላስ በክብር ጡረታ ያወጡታል።

ደግሞም ልክ ናቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት አለ። ቦርዶ ውስጥ ለ54 ቀማሾች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ተበርዞ ቀረበላቸው። ጠረኑን ቀይ ወይን በሚገለጽበት ቃል ገለጹት። እነዚያ ከፍተው፣ አሽትተው ነው የተሳሳቱት። የእኛዎቹ ሳይከፍቱ ስለሚመክሩ በምን ይሳሳታሉ?

እስቲ ወደ ሐይቁ ዳር እንውረድ። ቆሮሶው ተጠብሶ ቀርቧል። ሎሚው ተጨምቆበታል፣ አዋዜው አጠገቡ ነው። ለዚህ ሳህን ቀዝቃዛ፣ ስኳር የሌለው ነጭ ወይን እንዴት በተስማማ! ደቡብ አፍሪካ ከሁሉ አብልጣ የምትተክለው ሸኒን ብላን የሚባል ነጭ የወይን ዝርያ አላት። እንደ ልብ ስለሚመረት ኪስ የማይጎዳው አይጠፋም፤ ኮምጠጥ ስለሚልም ከአሳ ጋር ይግባባል። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ ግን "ነጭ የሴት ነው" ይባልና ቁጭ ይላል። አሳ በሚበላበት ከተማ ቀይ ብቻ እንድንጠጣ ወስነውልናል። ዕድሜ ይስጥልን።

ቀዩም ቢሆን ፍሪጅ አጠገብ አይደርስም። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው" ይሉናል። እውነት ነው። ክፍሉ ግን ማሞቂያ ያልገባለት የድሮ የአውሮፓ ቤት ነው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ። የሚያዝያ ቀን ባሕር ዳር ላይ ወደ 30 ይጠጋል። ጠርሙሱም እስከዚያች ቀን የከረመው ሱቁ መስኮት ላይ ነው፣ ቆሞ፣ ፀሐይ እየሞቀ። ብርሃንና ሙቀት ወይን ያበላሻሉ ይላሉ የውጭ ሰዎች። እኛ አራስ ልጅ እንኳ ፀሐይ እናሞቃለን፣ ወይን ምን ይሆናል?

ባለፈው እንዲህ የሞቀ ቀይ ተቀዳልን። ያስመረጡን አማካሪ ብርጭቆውን አሽከረከሩ። አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ኦክ በርሜሉ አስረዱን፣ ስለ አፈሩ አስረዱን፣ አሳው እስኪቀዘቅዝ አስረዱን። "ይሄ እኮ ዱባይ እንኳ በዚህ ዋጋ አይገኝም፤ ዕድለኞች ናችሁ" አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ከዚያ አስተናጋጇን ጠሩ።

"እሙዬ፣ መበረዣ አንድ ኮካ አምጪልን። ቀዝቃዛውን አደራ!"